ከሥራዬ ያፋቱኝ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ትዳር ሲለምን አይቻለሁ። ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ፣ የድንበር ጠብ ሲያበርድ፣ የኮበለለች ሚስት ሲመልስ አይቻለሁ። ሽማግሌ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ አንዲትን ልጅ ከተቀጠረችበት ሥራ ሲያፋታ ያየሁት ግን በራሴ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሳወራ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። የሚያውቁኝ ሰዎች "አሁንም አልበረደልሽም?" ይሉኛል። አልበረደልኝም።

ነገሩ የሆነው ሬዲዮኑ ሲከፈት "ልማታዊ ባለሀብት"፣ ሊዘጋ ሲል ደግሞ "ኪራይ ሰብሳቢ" በሚልበት፣ የንቧ ምልክት በየቀበሌው ግድግዳ ላይ በነበረችበት ዘመን ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ መርሳ፣ አባቴና እናቴ ቤት ገብቼ ነበር። አብረውኝ የተመረቁት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመው ሲከርሙ እኔ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ቀረበልኝ። አንደኛው ወልድያ ነው፤ የገበሬ ማኅበራትን ሂሳብ በሚመረምር መሥሪያ ቤት ኦዲተር መሆን። ሁለተኛው አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ባንክ ውስጥ ነው።

ባንኩ በሩ ላይ "የኢንቨስትመንት ባንኪንግ ክፍል" ብሎ የጻፈበት ክፍል ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንዷ የክፍሌ ልጅ በፊልም ያየቻቸውን የውጭ አገር ባንከሮች እያነሳች፣ ሱፍ ለብሰው በስልክ ኩባንያ ሲገዙና ሲሸጡ እንደሚውሉ ስታወራልን አፋችንን ከፍተን እንሰማት ነበር። እኛ አገር እንዲያ ያለ ነገር አልነበረም። ያለው ታናሽ እህቱ ነው፤ ፋብሪካ፣ ሆቴል ወይም ሰፊ እርሻ አቋቁማለሁ የሚል ሰው ሲመጣ እቅዱን አጥንቶ ብድር ይገባዋል አይገባውም የሚል ክፍል። ደሞዙ የኦዲቱን እጥፍ ይሆናል። ሕንጻው ሊፍት አለው። እናቴ ሊፍት ምን እንደሆነ ስነግራት አማተበች።

እኔ ግን የመረጥሁት ኦዲቱን ነው። ምክንያቱ የመጣው ከግራና ነው። የመጨረሻው ዓመት ላይ ለልምምድ ወልድያ ከሚገኘው ከዚያው መሥሪያ ቤት ጋር ወጥቼ ነበር። አንድ ቀን ግራና አካባቢ ወዳለ የገበሬዎች ማኅበር ሄድን። የማኅበሩ ሰዎች እንደ ደንቡ ሁለት በግ አርደው ጠበቁን፤ አንዱ በክርስቲያን፣ ሌላው በእስላም የታረደ። የቡድን መሪያችን፣ ረጅም ዝምተኛ ሰውዬ፣ ምርመራ ላይ ሲሆን የሰው ቤት እህል አይቀምስም። ቦርሳው ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይይዛል። "ከበላሁ በኋላ አልጽፍም፤ ከጻፍሁ በኋላ አያበሉኝም፤ ስለዚህ ስንቄን እይዛለሁ" ይለን ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ተቆጣ። "የኛ እህል ምን አደረገህ? ደሃ ነን ብለህ ተጠየፍኸን?" አለው።  መሪያችን ዳቦ ቆሎውን ቆረጠመና ወደ መጋዘኑ ገባ።

መጋዘኑ ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል። የመጋዘኑ ኃላፊ ከፊት ያለውን እያሳየ "ይኸው፣ ሙሉ ነው" ይላል። መሪያችን ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ ቀላል ነሽ፤ ውጪና እዪው" አለኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። መሃሉ ላይ ስደርስ እግሬ ገደል ገባ። ቁልሉ እንደ ጎተራ ዙሪያውን ብቻ ነበር፤ ውስጡ ባዶ ነው። እየተንጠለጠልሁ ሳቅሁ። እዚያው ጆንያ ላይ ሆኜ፣ እንዲህ ያለውን ጉድ እያወጣሁ መኖር እንደምፈልግ ገባኝ። ገበሬው ለዝናብ ያልደረሰለትን ማዳበሪያ እያሰበ ደጅ ላይ ቆሟል፤ የማዳበሪያው ቦታ እኔ እግር ስር ባዶውን ተቀምጧል። ማንም ሰው ከዚህ በላይ ምን ሥራ ይመኛል?

የመጋዘኑ ኃላፊ ታሰረ። ሰውዬው መርሳ ላይ ትልቅ ሱቅ ያለው የአንድ ነጋዴ የሚስት ወንድም ነው። አባቴ ደግሞ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጭነቱን በብዛት የሚያገኘው ከዚሁ ነጋዴ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚገባው ይገባዋል። እኔ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር።

የቅጥሩን ወረቀት ስፈርም አባቴ ምንም አላለም። ቀኑ ሲቃረብ ግን ማታ ማታ እራት ላይ ማጉረምረም ጀመረ። "ኦዲተር ማለት ሰው አሳሳሪ ማለት ነው" ይላል። "ውርጌሳ ሻይ ቤት ስገባ ሰው ወሬውን ያቆማል። ሰላምታ የሚሰጠኝ አጣሁ። መኪናዬ ባዶዋን ነው የምትመለስ። ባንክ ምን ጎደለው? ባንክ የገባ ልጅ አባቱን ያስከብራል።"

"አባባ፣ እኔ ያሰርሁት ሰው የለም፤ የሰረቀው ነው ራሱን ያሰረ" እለዋለሁ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም? ሁሉም ይበላል። አንቺ ብቻሽን ጦመኛ ልትሆኚ ነው?"

ይህን ተረት እጠላዋለሁ። ሌባ የተረተው ነው ብዬ ነው የማምነው። አባቴ ሌባ አይደለም፤ በሕይወቱ የሰው ሳንቲም አልነካም። ሌብነትን ለመከላከል የሌባን ተረት ሲዋስ መስማት ነው ያንገበገበኝ። ቢሆንም ማጉረምረም ብቻ መስሎኝ ተውሁት።

ሥራ የምጀምርበት ሰኞ ደረሰ። እናቴ የተኮሰችልኝን ሸሚዝ ለብሼ፣ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ይዤ ወልድያ ገባሁ። ኃላፊው ተጫዋች፣ ሞላ ያለ የሀብሩ ሰው ነው። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ግን ደስታ ሳይሆን ግርታ ነው።

"ምነው ልጄ? በሰላም ነው?" አለኝ።

"ሥራ ልጀምር ነዋ።"

"አልነገሩሽም እንዴ? ሽማግሌዎችሽ መጥተው ጨረሱ እኮ!"

"ምኑን ነው የጨረሱት?"

ተረከልኝ፤ ያውም እየሳቀ። ሐሙስ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ቢሮው ገቡ፤ የሠፈራችን መምሬ መስቀላቸውን፣ ሐጂው መቁጠሪያቸውን፣ ባለሱቁ ነጋዴ ዣንጥላቸውን ይዘው። ወንበር ቢሰጥ አልቀመጥ አሉ። ሻይ ቢያዝ አልጠጣ አሉ። ልክ ልጅ ሊድሩ እንደሄዱ "ቆመን ነው የመጣን፤ እሺ ካላልኸን አንቀመጥም" አሉት። ከዚያ መምሬ ጀመሩ፤ ልጃችን ቃል የሰጠቻችሁ ሳታስተውል ነው፤ ለሌላ ታጭታለች፤ በሰላም ልቀቁልን አሉ። ለሌላ ያሉት ባንኩን ነው።

"እኔስ? እኔን አልጠየቁኝም፤ እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም? ፈርሜያለሁ እኮ!" አልሁ። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ፊርማማ ፊርማ ነው ልጄ። ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ ነው። መምሬን የሚያህሉ ሰው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ምን ልበል? እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። እሺ አልኋቸው፤ ተቀመጡ፤ መረቁኝ። ዓርብ ተጠባባቂውን ጠርተን አስፈረምን።"

ያ ሰው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሕግ ሊያስከብር ነው። አንዲት የተመረቀች፣ ተወዳድራ ያለፈች፣ የፈረመች ሴት ምን ትላለች ብሎ ለመጠየቅ ስልኩን እንኳ አላነሳም። ሦስት ሽማግሌ አይኑ ስር ቆመው መዋላቸው ከሕጉ በላይ ከበደው። በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ። ሲሪንቃ ላይ ስንቆም ከጎኔ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው "ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?" አሉኝ።

"አልሞተም እማማ። ሊሞት ነው" አልኋቸው። እጄን ጨበጡና እስከ መርሳ አልለቀቁኝም።

ቤት ስገባ ሽማግሌዎቹ አባቴ ቤት ምሳ ላይ ናቸው። ውለታ መመለሱ ነው። ሲያዩኝ አንዳቸውም አልደነገጡም። እንዲያውም መምሬ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከክፉ አወጣንሽ" ብለው መስቀላቸውን ለማሳለም ዘረጉልኝ። ያኔ ነው የገነፈልሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴን "አንተ" ነው የምለው። ያን ቀን ግን አይን አይኑን እያየሁ "አንቱ ነዎት የላኳቸው?" አልሁ። አባቴ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። በእንጨት ከመታሁት በላይ ያመመው ያቺ ቃል ናት።

"ልጄ፣ እኛ መልካም ነው የሠራን" አሉ ባለሱቁ።

"መልካም ከሆነ አቤት ልበል። ሽማግሌ ናችሁ አይደል? ይኸው፣ በአባቴ ላይ አቤቱታ አለኝ። ተቀመጡልኝ።"

 ሴት ልጅ በአባቷ ላይ ሽማግሌ ስታስቀምጥ መርሳ አይቶ አያውቅም። ግን ሽማግሌ አቤት ያለን ሰው አይሰማም የሚል ደንብ የለም፤ ይህን እነሱም እኔም እናውቃለን። ሐጂው እጃቸውን ታጠቡና "ዋስ ጥሪ" አሉኝ። በሽምግልና የተፈረደውን እቀበላለሁ ለማለት ዋስ ይጠራል።

እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። "ዋሷ እኔ ነኝ" አለች። አባቴ ዞሮ አያት። እሷ አላየችውም።

"ያንተስ?" ተባለ አባቴ። ወደ ባለሱቁ ተመለከተ።

"እሳቸው ዋስም ዳኛም መሆን አይችሉም" አልሁ። "ግራና የታሰረው የሚስታቸው ወንድም ነው። ነገሩ የሚነካው ሰው ሊመረምርም ሊፈርድም አይቀመጥም። እኔ የተማርሁት ይህንን ነው፤ እናንተም ሳትማሩት የምታውቁት ነው።"

ባለሱቁ ሳቁ። ሐጂው አልሳቁም። "ልጅቱ ሐቅ ተናገረች፤ አንቱ ይነሱ" አሏቸው። ባለሱቁ ዣንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ቤት በቁጣዬ ካገኘሁት ነገር ሁሉ ሙሉ በሙሉ የሞላልኝ ይህ ብቻ ነው።

አባቴ ሻይ ቤቱን፣ ባዶዋን የምትመለሰውን መኪናውን፣ ሴት ልጅ በየገጠሩ ሌባ ስታሳድድ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ተናገረ። የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ውሸቱን አልነበረም፤ ይህንን አልክድም። እኔም የጆንያውን ቁልል ነገርኋቸው፤ መሃሉ ባዶ መሆኑን፣ ደጅ የቆመውን ገበሬ። "ከሁሉም የባሰው ግን" አልሁ፣ "ሁለቱን ሳይሰማ የሚፈርድ ሽማግሌ የለም ትላላችሁ። እኔን ማን ሰማኝ?"

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂው መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ወላሂ ተሳስተናል" አሉ። "ቆመን የጠየቅነውን ቆመን እንመልሰዋለን።"

በማግስቱ አብረን ወልድያ ሄድን። ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው ጠረጴዛ ፊት እንደገና ቆሙ። ኃላፊው መጀመሪያ የቀለድን መሰለው። ከዚያ የጎኑን ክፍል በር ከፈተ። ዓርብ የፈረመው ተጠባባቂ፣ ከጉባ ላፍቶ የመጣ አንድ የገበሬ ልጅ፣ ትከሻው ላይ የሚሰፋ የተዋሰው ኮት ለብሶ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ በእጁ ይጠርጋል። ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ብድግ አለ፤ ሊመርቁት የመጡ መሰለው።

እንዲወጣ የጠየቀ የለም። ሽማግሌዎቹ ደፍረው አልጠየቁም። እኔም አልጠየቅሁም። እሱ ምን አጠፋ? መምሬ በእርግጥም መረቁት። ስንወጣ ደረጃው ላይ "አይ ልጄ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" አሉኝ።

"የደቆሱት አንቱ ነዎት መምሬ፤ የማለቅሰው ግን እኔ ነኝ" አልኋቸው። 

መርሳ ስንመለስ ፍርዱን ጨረሱ። እንዲህ ነው ያሉት፤ እውነቱ ያንቺ ነው፤ አባትሽ ጥፋተኛ ነው፤ እኛም ጥፋተኞች ነን፤ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን። ልቤ ትንሽ ከፈት አለ። ከዚያ መምሬ ቀጠሉ፤ "በይ እንግዲህ፣ ተነሺና የአባትሽን ጉልበት ሳሚ።"

እኔ! እውነቱ የኔ ሆኖ የምጎነበሰው እኔ! ጥፋተኛው ተቀምጦ፣ የተበደለችው ወድቃ ይቅርታ የምትሰጥበት ሽምግልና ምን ዓይነት ነው? ይህን ጮክ ብዬ ተናገርሁ። መምሬ "አባት ነው" አሉ። ዋሴ እናቴ ናት፤ ፍርዱን ባልቀበል የምታፍረው እሷ ናት። ተጎነበስሁና ጉልበቱን ሳምሁ። አባቴ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም፤ ጥርሴን ነክሼ ወለሉን ነበር የማየው። የባንኩ ቦታ ገና ክፍት ነበር፤ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ገባሁ።

ባንኩ ሊፍት ነበረው። የእቅዶቹ ወረቀት ነጭና ወፍራም፣ ፎቶግራፍ ያለው ነው። የዘይት ፋብሪካ ልናይ እንሄዳለን፤ የምናገኘው አጥር፣ ዘበኛና ውሻ ነው። ባለሀብቱ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ በጣቱ "እዚህ ማሽኑ ነው፣ እዚያ መጋዘኑ ነው" ይለናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ተመልሼ "ብድሩ አይመከርም" ብዬ እጽፋለሁ። የክፍሉ ኃላፊ በሩን ዘግቶ "ከላይ ተደውሏል፤ ሰውዬው ልማታዊ ነው" ይለኛል፤ ጽሑፌም "ይመከራል" ተብሎ ይወጣል። ቁልሉ ያው የግራናው ቁልል ነው፤ መሃሉ ባዶ። ልዩነቱ እዚህ ውጪና እዪው የሚለኝ የለም። ስንቱን ማታ ኪራይ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ እየተሳደብሁ እንደተንጎራደድሁ ግድግዳው ይንገራችሁ። አባቴ ግን ውርጌሳ ሻይ ቤት እንደገና ሰላምታ አገኘ። "ልጄ ባንክ ናት" ይላል አሉ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ጠይቆኝ የማያውቀው አባቴ ደወለ። ከሰላምታው ርዝመት ነገር እንዳለው አወቅሁ። የሠፈራችን ቅሬ ተጣልቷል። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚቀብርበት። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ እየጎደለ ነው፤ ዕቃው በእጁ ያለው ያ ባለሱቁ ነው፤ ሁሉም ሌላውን ይጠረጥራል፤ በቀደም ሬሳ ተቀምጦ ድንኳኑ ጠፋና ለቀስተኛው ሸራ ስር ተቀመጠ።

"ሰው ሁሉ ያንቺን ስም ነው የሚያነሳ" አለኝ። "እሷ ለማንም አታዳላም፤ የማንንም እህል አትበላም፤ መጥታ ትመርምርልን አሉ። ሐጂውም፣ መምሬም ብለዋል። መቼ ትመጫለሽ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርሁ። 

"ሽማግሌ ላክ" አልሁት።

"ወዴት?"

"ወደ እኔ። ያኔ ቢሮው ሄዱ እንጂ ወደ እኔ አልመጡም። አሁን አውቶብስ ይያዙና አዲስ አበባ ድረስ ይምጡ።"

ከጀርባው የአይሱዙዋ ሞተር ይሰማል። ሞተሩን አጠፋ።

"ቆመው?" አለኝ።

"ቆመው። እሺ እስክል ድረስ አይቀመጡም።"

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።